የቆዩ ፎቶግራፎች ለምን ይኮሳተራሉ?

በ2021 መጀመሪያ ላይ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የሟች ዘመድን ፎቶግራፍ ተቀብሎ ዓይኑን የሚያርገበግብ፣ አንገቱን የሚያዞርና ፈገግ የሚያሰኝ አገልግሎት በኢንተርኔት ተለቀቀ፤ እጅግ ብዙ ሰዎችም የአያቶቻቸውንና የቅድመ አያቶቻቸውን ምስል አስገብተው ሞከሩት። በዚያው ዓመት ኤፕሪል ወር ግን ነገሩ ከጨዋታ አለፈ። አንድ የምስል ባለሙያ በክመር ሩዥ አገዛዝ ዘመን በካምቦዲያው የቱል ስሌንግ እስር ቤት ታስረው የነበሩ ሰዎችን ጉርድ ፎቶግራፎች ቀለም ቀብቶ፣ በአንዳንዶቹ ፊት ላይም ያልነበረ ፈገግታ አክሎ በአንድ ዓለም አቀፍ የዜና ድረ ገጽ ላይ አወጣቸው። ፎቶግራፎቹ የተነሡት እስረኞቹ ሲመዘገቡ ሲሆን አብዛኞቹ ከዚያ በኋላ ተገድለዋል። የካምቦዲያ የባህል ሚኒስቴር ድርጊቱን አወገዘ፤ ጽሑፉም ከድረ ገጹ ተነሣ።

ሁለቱ ነገሮች በክብደት የሚወዳደሩ አይደሉም፣ መነሻቸው ግን ይቀራረባል። ብዙ ሰው የቆየ ፎቶግራፍ ሲያይ አንድ ነገር የጎደለው ይመስለዋል፤ ፊቱ የተኮሳተረ፣ ሰውነቱ የደረቀ፣ ዓይኑ የፈጠጠ ነው። ከዚህም ሦስት ዓይነት ንግግር ተወልዷል። አንደኛው የዚያ ዘመን ሰው ፈገግ ማለት አያውቅም ነበር ይላል፤ ሁለተኛው በምስሉ ላይ ቀጥ ብሎ የቆመው ሰው በድን ነው ይላል፤ ሦስተኛው ደግሞ ሳይዘጋጁ የተነሡ የዘመኑ ሰዎች ፎቶግራፍ ሲገኝ እውነተኛው ኑሮ ይህ ነው ብሎ ያለ ጥያቄ ይቀበለዋል። ሦስቱም የሚስቱት አንድ ቦታ ላይ ነው፤ ምስሉ እንዴት እንደተሠራ ሳይጠይቁ ምን እንደሚያሳይ ይናገራሉ።

ብርሃን የሚፈልገው ጊዜ

ፎቶግራፍ ብርሃን በኬሚካል ላይ ትቶት የሚሄደው አሻራ ነው። ኬሚካሉ ምስል እስኪይዝ ድረስ ለብርሃን ተጋልጦ የሚቆይበት ጊዜ በሙያው አጠራር ኤክስፖዠር ይባላል። በዚያ ጊዜ ውስጥ የተንቀሳቀሰ ነገር ይደበዝዛል፤ ቶሎ አልፎ የሄደ ደግሞ ጨርሶ አይመዘገብም። የፎቶግራፍ የመጀመሪያ ሃምሳ ዓመታት ታሪክ በአብዛኛው ይህን ጊዜ የማሳጠር ታሪክ ነው።

ፈረንሳዊው ኒሴፎር ኒየፕስ በ1826 ወይም በ1827 ከቤቱ መስኮት ያነሣው፣ እስከ ዛሬ ከቆዩት የካሜራ ምስሎች ሁሉ ቀዳሚ የሆነው ፎቶግራፍ ስምንት ሰዓት ያህል እንደፈጀ ሲነገር ኖሯል፤ ኋላ የተደረጉ ሙከራዎች ግን ቀናት ሳይፈጅ እንዳልቀረ ያመለክታሉ። ፀሐይዋ ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው እስክትዞር ስለቆየም ፊት ለፊት የሚተያዩት ግድግዳዎች ሁለቱም ፀሐይ የመታቸው ሆነው ይታያሉ። ሉዊ ዳጌር በ1838 የፓሪሱን ቡለቫር ዱ ታምፕል ከፍ ካለ መስኮት ሲያነሣ ጊዜው ወደ ደቂቃዎች ወርዶ ነበር። ጎዳናው ሠረገላና እግረኛ የሚተላለፍበት ሆኖ ሳለ በምስሉ ላይ ባዶ ነው። አንድ ሰው ብቻ ከጥጉ ቆሞ በግልጽ ይታያል፤ እግሩን አንሥቶ ጫማውን እያስጠረገ ስለነበር ሌላው ሁሉ ሲያልፍ እርሱ ባለበት ቆየ። የጠራጊው እጅ ስለማያርፍ ከደምበኛው ይልቅ ደብዝዟል። በፎቶግራፍ መያዙ የታወቀው የመጀመሪያው ሰው እንግዲህ ሳያውቅ የተነሣ ሰው ሳይሆን አልቀረም። ተመዝግቦ ሊቀር የቻለው ግን ስላልተዘጋጀ አይደለም፤ ስላልተንቀሳቀሰ ነው።

የዳጌር ዘዴ ዳጌሮታይፕ ይባላል፤ በብር በተለበጠ የመዳብ ሳህን ላይ አንድ ቅጂ ብቻ የሚሰጥ ነው። አሠራሩ በኦገስት 19 ቀን 1839 በፓሪስ ለሕዝብ ይፋ ሲሆን የሰው ፊት ለማንሣት ገና አዝጋሚ ነበር። ይህን የለወጡት ሁለት ነገሮች ናቸው። የሒሳብ ሊቁ ዮሴፍ ፔትስቫል በ1840 በቪየና ሆኖ ከቀድሞዎቹ እጅግ የበለጠ ብርሃን የሚያስገባ፣ ለሰው ፊት የተመቸ ሌንስ ቀመረ፤ ሌሎች ደግሞ በአዮዲን ብቻ ይታጠን የነበረውን ሳህን በብሮሚንና በክሎሪን ትነት ጭምር በማጠን ለብርሃን ያለውን ስሜት አሳደጉት። በ1840ዎቹ አጋማሽ፣ ብርሃኑ ጥሩ ከሆነ፣ ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ሰው ማንሣት የተለመደ ሆኖ ነበር። ሩብ ሰዓት ሙሉ ፈገግ ብሎ መቆየት ስለማይቻል ነው ሰዎቹ የተኮሳተሩት የሚለው ማብራሪያ ስለዚህ ለመጀመሪያዎቹ ጥቂት ወራትና ዓመታት ብቻ ይሠራል፤ ለቀሪው ግማሽ ምዕተ ዓመት ሌላ ምክንያት መፈለግ ይኖርብናል።

የቆመው ሰው ሞቶ ነውን?

ሃያ ወይም ሠላሳ ሰከንድ አጭር ይመስላል፤ ራስን ሳያነቃንቁ ለመቆየት ግን ረጅም ነው። ስለዚህ የስቱዲዮ ፎቶ አንሺዎች ባለ እግር የብረት መደገፊያ ከተነሺው ጀርባ እያቆሙ ሁለት ጣት በሚመስለው ጫፉ የራሱን የኋላ ክፍል ያስነኩት ነበር። በብዙ የዘመኑ ፎቶግራፎች ላይ የመደገፊያው መሠረት ከተነሺው ጫማ ኋላ ብቅ ብሎ ይታያል። በማኅበራዊ መገናኛዎች ደጋግሞ የሚዞረው፣ ይህ ብረት የሞተን ሰው ለማቆም ያገለግል ነበር የሚለው ወሬ የተነሣው ከዚሁ ነው።

ወሬው በእውነት ላይ የተለጠፈ ሐሰት በመሆኑ ለማረም ያስቸግራል። የሟች ፎቶግራፍ ማንሣት በእርግጥ የታወቀ ልማድ ነበር፤ በተለይ ሕፃን ሲሞት ቤተሰቡ ከእርሱ የሚቀርለት ብቸኛ ምስል ያ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ሟቾቹ የሚነሡት አልጋ ላይ ተጋድመው፣ በሬሳ ሣጥን ውስጥ ወይም በእናታቸው እቅፍ ሆነው ነው። የራስ መደገፊያው ሕያው ሰው እንዳይወዛወዝ የሚያስታውስ ቀላል ዕቃ እንጂ የበድንን ክብደት ተሸክሞ ሊያቆም የሚችል አይደለም። በቤተሰብ ፎቶ ላይ ሌሎቹ ደብዘዝ ብለው አንዱ ብቻ ጥርት ካለ እርሱ ሟቹ ነው የሚባለውም ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ አንዳንዱ ሰው ከሌላው ይልቅ ጸንቶ መቆም ይችላልና። የቆዩ ፎቶግራፎች በሚሸጡበት ገበያ የሟች ምስል ነው የሚል መግለጫ ዋጋ ማስወደዱም ለወሬው ዕድሜ ሳይጨምርለት አልቀረም።

ነጭ የሚመስለው ዓይን ሌላው የዚህ ወሬ ማስረጃ ተደርጎ ይቀርባል፤ በሟቹ የዓይን ቆብ ላይ ዓይን ተሥሎበታል ይባላል። መልሱ ኬሚካሉ ጋ ነው። የዘመኑ ሳህኖች የሚሰማቸው በዋናነት ሰማያዊና ሐምራዊ ብርሃን እንጂ ቀይ አልነበረም። ሰማያዊ ዓይን ስለዚህ ነጥቶ፣ ቀይ ከንፈር ጠቁሮ፣ የፊት ጠቃጠቆ ጎልቶ ይወጣል። ጀርመናዊው ኬሚስት ሄርማን ፎግል በ1873 ሳህኑን በቀለም ነክሮ ሌሎች የብርሃን ዓይነቶችን እንዲቀበል ማድረግ እንደሚቻል ደረሰበት፤ ሁሉንም የሚታዩ ቀለሞች የሚቀበሉ ሳህኖች ለገበያ የቀረቡት ግን በ1906 ነው።

ተዘጋጅቶ የተነሣ ዕለታዊ ኑሮ

ፎቶ አንሺዎች የተራውን ሰው ኑሮ ለማንሣት የፈለጉት መሣሪያቸው ሳይፈቅድላቸው በፊት ነበር። በስኮትላንድ ሠዓሊው ዴቪድ ኦክታቪየስ ሂልና ባልደረባው ሮበርት አዳምሰን ከ1843 እስከ 1847 አብረው በሠሩት ሥራ ውስጥ በኤደንብራ አጠገብ ያለችው የኒውሄቨን መንደር ዓሣ አጥማጆችና ዓሣ ሻጭ ሴቶች ልዩ ቦታ አላቸው። የተጠቀሙበት ዘዴ እንግሊዛዊው ዊልያም ሄንሪ ፎክስ ታልቦት በ1841 የፈጠራ መብት ያወጣበት ካሎታይፕ ነው። ካሎታይፕ በወረቀት ላይ ኔጋቲቭ፣ ማለትም ብርሃኑና ጥላው የተገላበጠ ምስል ይሰጣል፤ ከአንዱ ኔጋቲቭ ብዙ ቅጂ ማተም ይቻላል። ሴቶቹ ቅርጫታቸውን ይዘው፣ ግድግዳ ወይም እርስ በርስ ተደጋግፈው፣ በጠራራ ፀሐይ ይታያሉ። አንዷ በሌላዋ ትከሻ ላይ ስትደገፍ የምናየው መቀራረብ እውነተኛ ሊሆን ይችላል፤ ይሁንና የተደገፈ ክንድ እንደማይንቀሳቀስ ሂል ሳያውቅ አልቀረም። መውደድና መደገፍ በአንድ አቀማመጥ ሲገናኙ የትኛው ከየትኛው እንደመጣ ከምስሉ ብቻ መለየት አይቻልም።

ፈረንሳዊው ሻርል ኔግር በ1851 በፓሪስ የሴን ወንዝ ዳር ያነሣቸው የጭስ ማውጫ ጠራጊዎች ነገሩን የበለጠ ያሳያሉ። ሁለት ጎልማሶችና አንድ ልጅ በግንቡ አጠገብ በመስመር ሲራመዱ ይታያሉ፤ ለዓይን በጉዞ ላይ ሳሉ የተያዙ ናቸው። በዚያ ዓመት ግን በእርምጃ ላይ ያለን ሰው በወረቀት ኔጋቲቭ በዚህ ጥራት መያዝ የማይቻል ስለነበር ሦስቱም እግራቸውን እንዳነሡ ቆመውለታል። ኔግርን አታላይ ማለት አይገባም። እርሱ የፈለገው ሰው በሥራው ላይ ሲሆን የሚኖረውን አኳኋን ነበር፤ ለዚያ የነበረው ብቸኛ መንገድ ደግሞ ሰውየው ራሱን ሆኖ እንዲተውንለት መጠየቅ ነው።

በዚያው በ1851 ፍሬደሪክ ስኮት አርቸር ያስተዋወቀው የእርጥብ ኮሎዲዮን ዘዴ ኤክስፖዠሩን ቢያሳጥርም ሌላ ሰንሰለት አመጣ። የመስታወቱ ሳህን ተቀብቶ፣ ተነሥቶና ታጥቦ የሚያልቀው ሳይደርቅ በፊት፣ በደቂቃዎች ውስጥ ስለሆነ ፎቶ አንሺው ወደ ጎዳና ሲወጣ ጨለማ ክፍሉን በድንኳን ወይም በጋሪ ይዞ መሄድ ነበረበት። ድንኳን ተክሎ ሰውን ሳያስነቁ ማንሣት እንዴት ይቻላል? አንድ ቀዳዳ ግን ተገኘ። ስቴሬዮስኮፕ በሚባለው፣ ሁለት ተመሳሳይ ምስሎችን በሁለት ዓይን አሳይቶ ጥልቀት በሚሰጠው መሣሪያ የሚታዩት ፎቶግራፎች ትንንሽ በመሆናቸው ካሜራው አጭር ሌንስ ይይዛል፤ አጭር ሌንስ ብዙ ብርሃን ያስገባል፣ እንቅስቃሴንም በሳህኑ ላይ ያሳንሳል። በ1859 ጆርጅ ዋሽንግተን ዊልሰን በኤደንብራ፣ ኤድዋርድ አንቶኒ በኒው ዮርክ ከፍ ካለ ቦታ ሆነው የሚራመዱ ሰዎችን መያዝ ቻሉ። አሜሪካዊው ሐኪምና ጸሐፊ ኦሊቨር ዌንደል ሆምስ እነዚህን ምስሎች በማጉያ እየመረመረ ሰው ሲራመድ እግሩ በትክክል እንዴት እንደሚያርፍ አጠና፤ በ1863 ያሳተመው ይህ ምርመራ በርስ በርስ ጦርነቱ እግራቸውን ላጡ ወታደሮች ከሚሠራው ሰው ሠራሽ እግር ጋር የተያያዘ ነበር። ሠዓሊዎች ለዘመናት የሣሉት አረማመድና በምስሎቹ ላይ የታየው አልተመሳሰሉም።

የስቴሬዮስኮፑ ሰዎች ግን ጉንዳን ያህሉ ነበር። ፊታቸው እንዲታይ መቅረብ ያስፈልግ ነበር፤ መቅረብም ማስፈቀድ ማለት ነበር። ጆን ቶምሰን በ1877ና በ1878 ከጋዜጠኛው አዶልፍ ስሚዝ ጋር ያሳተመው የለንደን ጎዳና ኑሮ ተከታታይ ሥራ፣ በፎቶግራፍ ማኅበራዊ ዘገባ ከሚሠሩት ቀደምቶች አንዱ ሆኖ ሳለ፣ ሰዎቹ ተስማምተውና ቆመው የተነሡበት ነው።

ካሜራው ከልብስ ሥር ሲገባ

ለውጡን ያመጣው ጄላቲን ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ሪቻርድ ሊች ማዶክስ በ1871 የብር ጨውን በጄላቲን አጣብቆ በደረቅ ሳህን ላይ መጠቀም እንደሚቻል አሳየ፤ ቻርልስ ቤኔት በ1878 ያንኑ ውህድ በሙቀት አቆይቶ ፍጥነቱን እጅግ ጨመረው። በሰከንድ ክፍልፋይ ኤክስፖዠር ማንሣት ሲቻል ሦስት ነገሮች በአንድ ጊዜ ቀሩ፤ ባለ ሦስት እግር ማቆሚያው፣ ድንኳኑና የተነሺው ትብብር። ሦስተኛው መቅረቱን የዘመኑ ሰው ያስተዋለው ዘግይቶ ነው።

በ1880ዎቹ የመርማሪ ካሜራ የሚባሉ መሣሪያዎች ገበያውን ሞሉት፤ መጽሐፍ፣ ሣጥን ወይም ጥቅል ዕቃ የሚመስሉ ነበሩ። በ1886 የወጣው የሽቲርን ካሜራ ጠፍጣፋና ክብ ሆኖ ከሰደርያ ሥር የሚለበስ፣ ሌንሱ በቁልፍ ቀዳዳ የሚያይ፣ በአንድ ክብ ሳህን ላይ ስድስት ክብ ምስሎችን የሚይዝ ነበር። ጆርጅ ኢስትማን በ1888 ያወጣው ኮዳክ ደግሞ በጥቅል ፊልም መቶ ፎቶ የሚያነሣና 25 ዶላር የሚሸጥ ሲሆን፣ ፊልሙ ሲያልቅ ባለቤቱ ካሜራውን እንዳለ ወደ ፋብሪካው ይልከዋል። በ1900 አንድ ዶላር የሚሸጠው ብራውኒ ተከተለ። ማጠብና ማተም የሌላ ሰው ሥራ ከሆነ፣ ፎቶ ለማንሣት ሙያ ቀርቶ ዓላማም አያስፈልግም።

እዚህ ላይ ካንዲድ የሚለውን የውጭ ቃል ማብራራት ይገባል። ቃሉ በላቲን ነጭ ማለት ሲሆን በእንግሊዝኛ ግልጽ፣ ያልተሸፋፈነ ወደሚል ትርጉም ተሻግሯል። በፎቶግራፍ ረገድ የተስፋፋው ዘግይቶ፣ በ1930 ገደማ፣ ጀርመናዊው ኤሪክ ሳሎሞን ኤርማኖክስ በሚባል ትንሽ ካሜራ በዲፕሎማቶች ስብሰባና በፍርድ ቤት ውስጥ ያነሣቸው ፎቶግራፎች ታዋቂ ሲሆኑ ነው። ድርጊቱ ግን ከስሙ ይቀድማል። በአማርኛ አንድ ቃል ባይኖረንም ልንለያቸው የሚገቡ ሁለት ነገሮችን ይዟል፤ አንዱ ሳይዘጋጁ መነሣት ነው፣ ሌላው ሳያውቁ መነሣት። ወዳጁ ሲያነሣው እያየ ወሬውን የቀጠለ ሰው አልተዘጋጀም፣ ነገር ግን ያውቃል። በአደባባይ ክርክሮች ሁለቱ ሲደባለቁ የውበቱ ጥያቄና የፈቃዱ ጥያቄ አብረው ይምታታሉ።

ፈገግታው የት ነበር?

ኖርዌያዊው ካርል ስተርመር በ1893 የሽቲርኑን ካሜራ ሲገዛ የ19 ዓመት ተማሪ ነበር፤ በኋላ በሒሳብና በሰሜናዊው የሰማይ ብርሃን ጥናት ስመ ጥር ሆኗል። እስከ 1897 ድረስ ዛሬ ኦስሎ በምትባለው በክሪስቲያንያ ዋና ጎዳና እየተመላለሰ 500 ያህል ፎቶግራፎችን በድብቅ አነሣ። ዘዴው ቀላል ነበር፤ የሚያውቀውን ሰው አይቶ ሰላምታ ይሰጣል፣ ያ ሰው አጸፋውን ሲመልስ በኪሱ ያለውን ገመድ ይስባል። ከተያዙት መካከል ባርኔጣቸውን የሚያነሡ ሽማግሌዎች፣ የሚሳሳቁ ወጣት ሴቶችና ጸሐፌ ተውኔቱ ሄንሪክ ኢብሰን ይገኙበታል። ብዙዎቹ ፈገግ ብለዋል።

ይህ ስብስብ ለፈገግታው ክርክር የሙከራ ያህል ይረዳል። ስለ ፊቶች መኮሳተር የሚቀርቡት ማብራሪያዎች በአጭሩ አራት ናቸው፤ የኤክስፖዠሩ ርዝመት፣ የጥርስ ጤና መጓደል፣ ከሥዕል የተወረሰው ክብር ያለው አቀማመጥ፣ እንዲሁም ፎቶ መነሣት ውድና ብርቅ መሆኑ። ጥርስ ዋናው ምክንያት ቢሆን ኖሮ የክሪስቲያንያ ሰዎች በመንገድም ላይ አፋቸውን በገጠሙ ነበር። ኤክስፖዠር ቢሆን ኖሮ በ1890ዎቹ ስቱዲዮዎች፣ ያው ፈጣን ሳህን በእጃቸው ሳለ፣ ፈገግታ በበዛ ነበር፤ አልበዛም። ያ በጎዳና ላይ ፈገግ ያለ ሰው በማግስቱ ስቱዲዮ ቢገባ ኮስተር ብሎ ይቀመጥ ነበር ማለት ይቻላል። የሚቀሩት የልማድና የብርቅነት ማብራሪያዎች ናቸው፤ እኔም ይበልጥ የሚያሳምነኝ የልማዱ ነው። በአውሮፓ የሥዕል ወግ ጥርስን ገልጦ መሣቅ የሰካራም፣ የሕፃንና የቧልተኛ መለያ ነበር፤ ለትውልድ የሚተላለፍ ምስል ለማስቀረት የሄደ ሰው ከእነዚህ እንደ አንዱ ሆኖ መታየትን አይመርጥም።

ልማዱ እንዴት ተለወጠ ለሚለው አንዳንድ ተመራማሪዎች የኮዳክን ማስታወቂያዎች ይጠቅሳሉ፤ ፎቶግራፍን ከበዓል፣ ከሽርሽርና ከልጆች ደስታ ጋር ያቆራኙት እነርሱ ናቸው ይላሉ። ክርክሩ ክብደት አለው፤ ሆኖም ማስታወቂያ ብቻውን ፊትን አያዝም። ሲኒማውም፣ የጥርስ ሕክምናውም፣ ከሁሉም በላይ ፎቶ አንሺው የማይታወቅ ባለሙያ መሆኑ ቀርቶ የቤተሰብ አባል መሆኑ አብረው ሠርተዋል። በአሜሪካ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ዓመታዊ መጽሔቶች ላይ ያሉ የተማሪ ፎቶግራፎችን በኮምፒዩተር አነጻጽሮ በ2015 የወጣ ጥናት ፈገግታው በአንድ ጊዜ ሳይሆን በመላው 20ኛው ክፍለ ዘመን ደረጃ በደረጃ እየሰፋ እንደመጣ አሳይቷል።

ያልተጠየቀው ሰው

የስተርመር ፎቶግራፎች ደስ የሚሉ በመሆናቸው በተንኮል የተነሡ መሆናቸው ይረሳል። ፈገግታው ለስተርመር የተሰጠ ሰላምታ ነው፤ ለካሜራው አልተሰጠም፣ ለእኛ ደግሞ ጨርሶ አልታሰበም። እርሱ የሚያነሣው እኩያውን ስለነበር ጉዳቱ ትንሽ ይመስላል። ጋዜጠኛው ጄከብ ሪስ ግን በ1887 አዲስ የወጣውን የማግኒዥየም ብልጭታ ዱቄት ይዞ በኒው ዮርክ ድሆች ማደሪያ በሌሊት ሲገባ ሁኔታው ሌላ ነበር፤ ከእንቅልፋቸው በብልጭታ የተቀሰቀሱት ሰዎች ድንጋጤ በፊታቸው ላይ ይነበባል። የሪስ ሥራ ስለ ድሆች መኖሪያ ቤት የሚደረገውን ውይይት በእርግጥ ለውጧል። በዚያው ሥራ ውስጥ በመንገድ ላይ ተቃቅፈው ተኝተው የሚታዩት ልጆች ደግሞ ለፎቶው ሲሉ የተኙ እንደሆኑ በሰፊው ይታመናል። ያልተዘጋጀውና የተዘጋጀው በአንድ መጽሐፍ ውስጥ እንዲህ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ።

አርኖልድ ጌንተ ከ1906ቱ የመሬት መንቀጥቀጥ በፊት በሳን ፍራንሲስኮ የቻይናውያን ሰፈር በትንሽ ካሜራ ያነሣቸው ፎቶግራፎች ለዚያ የጠፋ ሰፈር ዋነኛ ምስክር ናቸው። ሲያሳትማቸው ግን ነጮችንና የእንግሊዝኛ ጽሑፎችን እየቆረጠና እየፋቀ ሰፈሩን ከነበረው ይልቅ ለተመልካቹ ባዕድ አድርጎታል። አነሣሱ ካንዲድ ነው፤ የወጣው ምስል ግን አይደለም።

ሕጉ የደረሰው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ሳሙኤል ዋረንና ሉዊስ ብራንዳይስ የተባሉ አሜሪካውያን የሕግ ባለሙያዎች በዲሴምበር 1890 በሃርቫርድ የሕግ መጽሔት ላይ የግል ሕይወት መብት ራሱን ችሎ ሊታወቅ ይገባል ብለው ሲጽፉ በስጋትነት ከጠቀሷቸው ነገሮች አንዱ ቅጽበታዊው ፎቶግራፍ ነበር። ቀድሞ ተነሺው ሳይስማማ ፎቶ ስለማይነሣ የውል ሕግ ይበቃው ነበር፤ አሁን ግን ውል የለም። በጀርመን ደግሞ ሁለት ፎቶ አንሺዎች በ1898 የቀድሞው የጀርመን ቻንስለር ቢስማርክ በሞተበት ሌሊት ወደ ክፍሉ ሾልከው ገብተው አስከሬኑን ማንሣታቸው ሰው በራሱ ምስል ላይ ስላለው መብት ክርክር አስነሣ፤ የ1907ቱ ሕግም የሰው ምስል ያለ ፈቃዱ እንዳይሠራጭ ከለከለ፣ ለታዋቂ ሰዎችና ለአደባባይ ስብሰባዎች ግን ልዩ ሁኔታ አስቀመጠ። አገሮች ዛሬም በዚህ ይለያያሉ፤ በአሜሪካ በአደባባይ የሚነሣ ፎቶ በአብዛኛው በሐሳብ ነፃነት ጥላ ሥር ሲያርፍ፣ በፈረንሳይና በጀርመን የተነሺው መብት ይከብዳል። በአንድ ወገን የተጠየቀ ሰው ራሱን ስለሚያሳምር ያለ ድብቅ ካሜራ የዘመን ገጽ አይታወቅም የሚሉ አሉ፤ በሌላ ወገን አላፊ አግዳሚ ሁሉ ለሌላው ጥበብ ጥሬ ዕቃ መሆን የለበትም የሚሉ አሉ። ሁለቱም አሳማኝ ናቸው፤ እኔ ግን የተነሺው አቅም ባነሰ ቁጥር ሁለተኛው እየከበደ እንደሚሄድ አስባለሁ።

ማሽኑ የሚጨምረውና የሚያጠፋው

ወደ ዛሬው ጉዳይ ስንመለስ፣ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠሩት የማደሻ ፕሮግራሞች የሚማሩት በአብዛኛው ከዘመናችን ፎቶግራፎች ነው፤ ማለትም ሁሉንም ቀለም ከሚቀበል ዳሳሽና ለካሜራ ፈገግ ማለትን ከለመዱ ፊቶች። የጎደለውን ሲሞሉ የሚሞሉት ከዚያ ክምችት ነው። ቀለም ቀቢው ፕሮግራም የጠቆረ ቀሚስ ሲያይ ጥቁር ወይም ቡናማ ያደርገዋል፤ ቀሚሱ ግን ደማቅ ቀይ ወይም ቢጫ ሆኖ ሳህኑ ስላልተቀበለው ሊሆን ይችላል። በቆዳም ላይ እንዲሁ ነው። ቀይ ብርሃን ወደ ቆዳ ጠልቆ ስለሚበተን ፊትን ያለሰልሳል፤ ሰማያዊ ብርሃን ብቻ የሚቀበል ሳህን ይህን ልስላሴ ስለማያይ እያንዳንዱን ሽብሽብና ነጠብጣብ ያጎላል። በቆዩ ፎቶግራፎች ላይ የሠላሳ ዓመት ሰው ሃምሳ የሚመስለው በከፊል በዚህ ነው። ይህን የማያውቅ ማደሻ ያረጀውን ፊት እንደ እውነት ተቀብሎ ሽብሽቡን የበለጠ ያጠራዋል፤ ወይም በተቃራኒው ሁሉንም አለስልሶ የማንም ያልሆነ ፊት ያወጣል።

የዳጌሮታይፕና በቀጭን ብረት ላይ የሚሠራው የቲንታይፕ ምስል እንደ መስተዋት ግራና ቀኙ ተገላብጦ መውጣቱም ሌላ ወጥመድ ነው። ቢሊ ዘ ኪድ የሚባለው አሜሪካዊ ሽፍታ ግራኝ ነው ተብሎ ለረጅም ጊዜ የታመነው በቲንታይፕ ምስሉ ላይ ሽጉጡ በግራ ወገቡ ስለታየ ነበር፤ ምስሉ ሲገለበጥ ሽጉጡ በቀኙ ሆነ። እንዲህ ያለ ስሕተት የሚታረመው ምስሉ በምን ላይ እንደተሠራ ሲታወቅ ነው፤ በስልክ ተነሥቶ፣ ተቆርጦና ቀለም ተቀብቶ የሚዞር ቅጂ ደግሞ መጀመሪያ የሚያጣው ይህንኑ መረጃ ነው። በዚህ ምክንያት በርካታ ባለሙያዎች ቀለም መቀባትን ጨርሶ ከመከልከል ይልቅ ያልተነካው ቅጂ አብሮ እንዲቀርብ፣ ተጨማሪው ነገርም በራሱ በምስሉ ላይ እንዲገለጽ ይጠይቃሉ። የቱል ስሌንግ ፎቶግራፎች ጉዳይ ግን በዚህ አይፈታም፤ በዚያ ፊቱ ራሱ የወንጀል ማስረጃ ነውና።

ምስሉ እንዴት እንደተሠራ የሚገልጽ ማስታወሻ በሌላ አቅጣጫም ያስፈልጋል። በኤፕሪል 2023 ጀርመናዊው ቦሪስ ኤልዳግሰን በአንድ ታዋቂ ዓለም አቀፍ የፎቶግራፍ ውድድር ያሸነፈበትን ሽልማት አልቀበልም አለ፤ የ1940ዎቹን ፎቶግራፍ የሚመስለው የሁለት ሴቶች ምስል በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተሠራ ነበርና። የሚደበዝዝ ጠርዝ፣ የተጫረ ገጽታና የቡናማ ቃና ዛሬ በትእዛዝ የሚገኙ በመሆናቸው የዕድሜ ምስክር መሆናቸው አብቅቷል።

በቡለቫር ዱ ታምፕል ጫማውን ያስጠረገው ሰውም ከዚህ አላመለጠም። በኢንተርኔት ቀለም ተቀብቶ፣ ሱሪው ሰማያዊ፣ ዛፎቹ አረንጓዴ ሆነው የሚዞር ምስሉ ሞልቷል። ዳጌር ለባቫርያ ንጉሥ የላከው ዋናው የብር ሳህን በኋላ ዘመን ክፉኛ በመጎዳቱ ዛሬ ያ ሰው የሚታየው ጉዳቱ ከመድረሱ በፊት ከሳህኑ ላይ በተነሣ ሌላ ፎቶግራፍ ነው።